ፋይል ላይ የተጻፈ ስም ለምን ጥያቄ ምልክት ይሆናል?

ፕሮግራም ዳታን ወደ ፋይል የሚያስገባው ከፍቶ፣ ጽፎ፣ ዘግቶ ነው። በፓይተን የመክፈቱ ሥራ የ«ኦፕን» ነው፤ አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመውም እዚሁ ነው።

1. የአከፋፈት ሁነታ። «ደብልዩ» ነባሩን ፋይል ገና ሲከፍተው ባዶ ያደርገዋል፤ አንድ ፊደል ሳይጻፍ የትናንቱ ዳታ ሄዷል። «ኤ» ከመጨረሻው ይቀጥላል። «ኤክስ» በዚያ ስም ፋይል ካለ አልከፍትም ይላል።

2. ኢንኮዲንግ። ፋይል የሚይዘው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም፤ ፊደሉ በየትኞቹ ባይቶች እንደሚጻፍ የሚወስነው ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ «ሰላም» 9 ይሆናል። ኢንኮዲንጉ ካልተጠቀሰ ፓይተን ለረጅም ዘመን የኮምፒውተሩን ምርጫ ሲከተል ኖሯል፤ በብዙ ዊንዶውስ ላይ ይህ ሲፒ1252 ነው፤ በውስጡ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ ስም ይጻፍ ሲባል ፕሮግራሙ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ፋይሉ በ«ደብልዩ» ተከፍቶ ከነበረ አሮጌው ዳታ ጠፍቷል፣ አዲሱም አልገባም።

ስህተቱ ቢያንስ ይታያል። የከፋው በ«ኦፕን» ውስጥ «ኤረርስ» በሚለው ምርጫ ላይ «ሪፕሌስ» ብሎ አፉን ማስያዝ ነው፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። የቀድሞው ጃቫ ይህን ሳይጠየቅ በዝምታ ያደርገው ነበር፤ ዩቲኤፍ-8ን በየትኛውም ኮምፒውተር መነሻው ያደረገው በ18ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

እዚህ ላይ «ፎንት ጫኑ» የሚለው ምክር ይመጣል። ስህተት ነው! ፎንት የሚጎድለው ባዶ ሣጥን ሲታይ ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታየ ብዙ ጊዜ ባይቶቹ ደህና ናቸው፤ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። ኤክሴል ሲኤስቪ ፋይልን እንዲህ ሲያበላሽ ኢንኮዲንጉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» ብሎ መጻፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ፋይሉ ውስጥ ጥያቄ ምልክት ከተጻፈ ግን ስሙ የለም፤ የሚመልሰው ፎንትም ሆነ ሶፍትዌር አልተሠራም።

ባለጉዳይ የአባቱ ስም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ሲያገኘው መሥሪያ ቤቱ «ሲስተሙ አማርኛ አይቀበልም» ብሎ ይሸኘዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አማርኛን ያልተቀበለው ሲስተሙ ሳይሆን ኢንኮዲንጉን ሳይጠቅስ የተጻፈው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ማሠልጠኛው ምሳሌውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ከሠራ ደግሞ ተማሪው ችግሩን የሚያየው ሥራ ላይ ነው።

መዝጋትም አለ። የተጻፈው መጀመሪያ የሚያርፈው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ነው፤ መብራት ከሄደ ዲስክ ላይ ላይደርስ ይችላል። የፓይተን «ዊዝ» ፋይሉን በራሱ ይዘጋል፤ ዲስክ ድረስ መውረዱን ለማረጋገጥ «ፍላሽ» ከዚያም «ኤፍሲንክ» ይጠራሉ። ነባር መዝገብ ሲታደስ አዲሱ እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ይጻፍ፤ ተከፍቶ ይነበብ፤ ስሞቹ በትክክል መግባታቸው ሳይታይ ነባሩ ፋይል አይነካ።