ጦቢያ ደፋር፣ ሰብለ ደፋር… የበለሷ ልጅስ?

እስቲ ስልካችሁን አውጡና ከቴሌግራም ያወረዳችኋቸውን ፒዲኤፎች እዩ። ብዙዎቻችሁ ጋ የፍቅር ልብወለድ አለ፣ መንፈሳዊ መጽሐፍም አይጠፋም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ዘመኑ የድሮ ሲሆን፣ ባለታሪኳ ደግሞ የተባለችውን ሁሉ «እሺ» ብላ የማትቀበል ልጅ ስትሆን፣ በቃ ሌሊቱ በንባብ ይነጋል።

ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ገበያ አለው። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል ነገሩን ከገበያው በኩል ማየት ይቀናኛል። በፈረንጆቹ 1979 ጃኔት ኦክ የምትባል ካናዳዊት «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ» የሚል ልብወለድ አሳተመች። ፍቅር ቀስ ብሎ ይመጣል እንደማለት ነው። ባለታሪኳ ማርቲ ገና ወጣት ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ባሏም ሰው በማታውቅበት አገር ሞቶባታል። ክላርክ የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ለትንሽ ልጁ እናት ስለሚፈልግ እንጋባ ይላታል። ጋብቻው የችግር ጋብቻ ነው። ፍቅሩም እምነቱም በኋላ ቀስ እያለ ይመጣል።

መጽሐፉ በሰፊው ተሸጠ። የዛሬው የክርስቲያን የፍቅር ልብወለድ ገበያ በእሱ ነው የተከፈተው የሚሉ ብዙ ናቸው። በ2003 ፊልም ሆነ። በ1991 የወጣው የፍራንሲን ሪቨርስ «ሪዲሚንግ ላቭ» ደግሞ የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ የካሊፎርኒያ ወርቅ ወደሚቆፈርበት ዘመን ወስዶ ተረከው፤ እሱም በ2022 ለፊልም በቃ። የእነዚህ መጻሕፍት ሕግ የታወቀ ነው። የመኝታ ቤት ወሬ የለም፣ ባለታሪኳ ከሰውም ከእግዚአብሔርም ጋር ትታገላለች፣ መጨረሻው ደግሞ ያምራል። አንባቢው የሚፈልገውን ያውቃል፣ አሳታሚውም አውቆ ያቀርብለታል።

ይህን የሚያነብ የእኛ አገር ወጣት «ፈረንጅ ምን ያላመጣው ነገር አለ» ሊል ይችላል። ኧረ ቀስ! የአማርኛ ልብወለድ ራሱ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ታሪክ ነው።

ወንድ መስላ የወጣችው ጦቢያ

በ1900 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1908፣ የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረየሱስ ሮም ላይ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ የሚባለው ይህ ነው፤ «ልብወለድ» የምንለው ስያሜም ከዚሁ ርዕስ ጋር ይያያዛል። ዛሬ ብዙ ሰው መጽሐፉን በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እያለ ይጠራዋል።

ጦቢያና ዋሕድ መንትዮች ናቸው፣ የአንድ ክርስቲያን የጦር መሪ ልጆች። አባታቸው በጦርነት ተሸንፎ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ዋሕድ ያንን ውለታ ለመመለስ ሲወጣ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። እዚህ ላይ ጦቢያ ቤት ቁጭ ብላ አታለቅስም። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻ የተቃራኒው ወገን ንጉሥ ይወዳታል። እምነቷን ግን አትለቅም፤ ወደ እሷ እምነት የሚመጣው እሱ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩት። ታሪካዊ ዘመን አለ፣ ክርስትና አለ፣ ፍቅር አለ፣ ደፋር ሴት አለች፣ መጨረሻውም ሠርግ ነው። ጃኔት ኦክ ከመጻፏ 71 ዓመት በፊት ማለት ነው።

መነኩሴ መስላ የወጣችው ሰብለ

ከግልገል በለስ ተነስታችሁ በቻግኒ፣ በእንጅባራና በቡሬ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ማርቆስ ብትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ሳያነቡት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰሙት ሰዎች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። የኦዲዮ መጽሐፍ ቅድመ አያት እሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዛብህ ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት፣ ቤተ ክርስቲያን የተማረ የድሃ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አስተማሪና ተማሪ ሆነው ተገናኙ፣ ተዋደዱ። አባቷ ግን ለእሷ የሚመጥን ዘር እየፈለጉ ዕድሜዋን ጨረሱባት። በዛብህ ሲሸሽ ሰብለ መነኩሴ መስላ ብቻዋን ፍለጋ ወጣች። አገኘችው፤ ግን ወንበዴ ያቆሰለው በዛብህ በሞት አፋፍ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በእውነት መነኮሰችና መቃብሩ አጠገብ ቀረች።

በፈረንጆቹ ሕግ ይህ መጨረሻ አይሸጥም። እኛ ጋ ግን ትውልድ እያለቀሰ ወደደው። እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ሐዲስ እምነትን እንደ ጌጥ ስላልተጠቀመበት ነው። የበዛብህ ስለት የፍቅሩ እንቅፋት ነው፤ የሰብለ ቆብ መጀመሪያ መሸሸጊያ ነው፣ ኋላ ሕይወት ይሆናል። ያው ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይለበሳል፣ ትርጉሙ ግን ይለያያል።

የእውነቷ ወለተ ጴጥሮስ

«ይሄ ሁሉ ፈጠራ ነው፤ የድሮ ሴት እንዲህ አትደፍርም» የሚል ካለ ደግሞ የእውነቱን ታሪክ ይስማ። ወለተ ጴጥሮስ በ1592 በፈረንጆቹ ተወለደች፣ በ1642 አረፈች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ትልቅ ሹም ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲሄድ ባሏ ከንጉሡ ጋር ሄደ፤ እሷ ቤቷን ጥላ ወጣች። ራሷን ተላጭታ መነኮሰች። እኅተ ክርስቶስ የምትባል ሌላ መነኩሲት የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ ሆነች። ንጉሡ ፊት ቀርባ ተከራከረች፣ ታሰረች፣ ተጋዘች፤ በመጨረሻ ጣና ዙሪያ ብዙ ሰው ተከትሏት የማኅበር መሪ ሆነች። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጻፈ። በ2015 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአሜሪካ ታትሟል።

ፍቅር ልብወለድ አይደለም፣ ገድል ነው። ግን ለልብወለድ ጸሐፊ ከዚህ በላይ ምን ይሰጠው? ባል በአንድ ወገን፣ እምነት በሌላ ወገን፣ መሃል ላይ አንዲት ሴት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወለተ ጴጥሮስ የተጋዘችው ወደት ነው? ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ አቅጣጫ። ለቤተ መንግሥቱ ቆላው የቅጣት ቦታ ነበር፤ ሙቀቱና ወባው እንዲጨርሳት የተላከችበት።

ለእኛ ግን ቆላው ቤታችን ነው።

በታሪኩ ውስጥ የሌለችው

ጦቢያ የጦር መሪ ልጅ ናት። ሰብለ የፊታውራሪ ልጅ ናት። ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ፣ የሹም ሚስት ናት። ሦስቱም ደፋሮች ናቸው፤ ሦስቱም የደጋና የባላባት ናቸው። እኔ ባነበብኳቸው የአማርኛ ታሪካዊ ልብወለዶች ውስጥ የቆላ ሴት ስትመጣ የምትመጣው ከበስተኋላ ነው፤ ውኃ ስትቀዳ፣ እህል ስትፈጭ፣ ስም ሳይኖራት።

መተከል እስከ ደርግ ዘመን የጎጃም አካል ነበር። ማለትም ሰብለ ወንጌልን የወለደው ጎጃም የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የአገው ልጆችንም ይጨምራል። በነጋዴና በሹም ዘመቻ ከዚህ ቆላ ስንት የጉሙዝ ልጅ ተፈንግሎ ለባርነት እንደተወሰደ የታሪክ ምሁራን ጽፈዋል። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ቅርብ ነው እኮ! የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ነው። በ«ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ዋሕድ ሲሸጥ አንባቢው ያለቅሳል፣ ምክንያቱም ዋሕድ ስም አለው፣ እህት አለው፣ ፈላጊ አለው። ከበለስ ዳር የተወሰደችው ልጅስ? ወንድ መስሎ የሚፈልጋት ማነው?

ደግሞ የፍቅሩ ጉዳይ አለ። በጉሙዝ ባህል ለረጅም ዘመን ዋናው የጋብቻ መንገድ የእህት ልውውጥ ነው። አንድ ወጣት ሚስት ሲያገባ በምትኳ እህቱን፣ እህት ከሌለው ከዘመዶቹ አንዷን ለዚያኛው ቤተሰብ ይሰጣል። ሁለቱ ትዳሮች ይተሳሰራሉ፤ የአንዱ ችግር ለሌላው ይተርፋል። ያለ ምትክ ልጅ ይዞ መኮብለል ቤተሰብን ከቤተሰብ ሊያጋጭ ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። ሕጉ እዚያ፣ ልማዱ እዚህ።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ልጅ ማንዱራ ውስጥ አለች እንበል። ወንድሟ የሚወዳትን ለማግባት እሷ ወደማታውቀው ቤት መሄድ አለባት። እምቢ ብትል የወንድሟ ትዳር ይፈርሳል። እሺ ብትል የራሷ ሕይወት ያልቃል። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምራለች፤ ነፍሷ የራሷ እንደሆነች ሰምታለች። ወንድሟን ደግሞ ትወደዋለች። ጃኔት ኦክ ብትሰማው የምትቀናበት ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አያስፈልግም። ሁሉም ይዋደዳሉ፣ ሁሉም ይጎዳሉ።

እናንተ ግልገል በለስ ያላችሁ የጉሙዝ እናቶች በትከሻቸው ላይ አንድ ዘንግ አጋድመው በሁለት ጫፉ ሸክም አንጠልጥለው ሲሄዱ ታያላችሁ። አንዱ ጫፍ ከበደ ማለት ሌላው ይነሳል። የእህት ልውውጥም ልክ እንደዚያ ነው፤ መሃል ላይ ያለችው ትከሻ የማን እንደሆነ ግን ልብወለዱ አልነገረንም።

ለምን አልተጻፈም?

የኢኮኖሚክሱ መልስ ቀላል ነው። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ንሯል፤ አሳታሚ ደግሞ የሚያውቀውን ገዢ ነው የሚፈልገው። ያ ገዢ ከተማ ያለ፣ የደጋ ታሪክ የለመደ አንባቢ ነው። መጽሐፉ በወጣ ማግስት በፒዲኤፍ ከተሰራጨ ደራሲው ምንም አያገኝም። ስለዚህ አዲስ ነገር ለመሞከር ማንም ኪሱን አይደፍርም።

ግን ገበያ ሁሌም ያለውን ብቻ አያይም። ጃኔት ኦክ ስትጀምር ታሪኮቿ የሰፋሪዎች ነበሩ፤ ምድሩ ባዶ ይመስል ነበር። ያ ምድር ግን ባዶ አልነበረም፣ ባለቤቶች ነበሩት። በ1996 ራሷ ተመልሳ የብላክፉት ሕዝብ ልጅ የሆነችን ወጣት ባለታሪክ ያደረገ «ድረምስ ኦፍ ቼንጅ» የሚል ልብወለድ ጻፈች። ገበያው አልሸሸም። ቢሆንም ጸሐፊዋ ከውጭ ያየች ናት። እኛ ጋ ከውስጥ የምትጽፈው ልጅ አለች፤ ምናልባት አሁን መምህራን ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ይህንን በስልኳ እያነበበች ይሆናል።

ነገሩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። መተከል በቅርብ ዓመታት ምን እንዳየ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ስም እየተጠራራ ሲፈራራ ከርሟል። አንድ ልብወለድ ጥይት አያቆምም፤ እሱን አልዋሻችሁም። ግን የደጋው ልጅ ለሰብለ ወንጌል እንዳለቀሰው ለአንዲት የጉሙዝ ልጅ 300 ገጽ ሙሉ ተጨንቆ ቢያውቅ፣ ሠርጓ ቢያሳስበው፣ ጸሎቷን ቢሰማ፣ በማግስቱ ገበያ ላይ ሲያገኛት እንደ ድሮው ሊያያት አይችልም። የጉሙዟ ልጅም ሰብለን አንብባ የፊታውራሪ ቤትም እስር ቤት እንደነበረ ብታውቅ እንደዚያው።

ለመጀመር አሳታሚ አያስፈልግም። ስልኩ አለ፣ ድምፅ መቅጃው አለ። አያታችሁን ጠይቁ፤ እንዴት አገባሽ፣ ማን በምትክሽ መጣች፣ እምቢ ያለች ሴት ታውቂያለሽ ወይ በሏት። በጉሙዝኛ ትናገር፣ በሺናሽኛ ትናገር፣ በአገውኛ ትናገር፣ ቅዱት። ስሟን ለውጡ፣ ፈቃዷን ጠይቁ፣ ከዚያ ጻፉ። ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ልቀቁት። አሥር ሰው ያንብበው።

አፈወርቅም የጀመረው በትንሽ መጽሐፍ ነበር፤ በሰው አገር ማተሚያ ቤት፣ ልብወለድ የሚባል ነገር የሚጠብቅ አንድም የአማርኛ አንባቢ ሳይኖረው።