ስለ መሶባችን ትራፊ

በአገራችን ልማድ እህል በእግር አይረገጥም። ሕፃን ቁራሽ እንጀራ ከእጁ ቢወድቅበት እናቱ «አንሣው፤ እህል ነው» ትለዋለች። ይህ ያማረ ልማድ ነው። ነገር ግን እንዳይረገጥ የምንሳሳለት ያው እንጀራ በአራተኛው ቀን ከመሶቡ ሥር ሻግቶ ሲገኝ ማንም ሳያይ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የወደድነው ሰው ሳያየው ስለሚጣለው እንጀራና ሰው እያየው ከመጠን በላይ ስለሚበላው ማዕድ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ፍቅርንና በዓልን በእህል ብዛት መለካታችን ነው።

ወቀሳውን ከራሳችን ቤት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የትንሣኤ በዓል በዋለ በሐሙሱ ጧት አንድ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደጃችን ቆመና «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ለበዓሉ ሁለት መሶብ ሙሉ እንጀራ ተጋግሮ ነበርና የቤታችን እመቤት ደስ ብሏት መሶቡን ከፈተች። ከላይ ያለው አልቋል፤ ከሥር የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ሁለተኛውም መሶብ እንደዚያው ነበር። ከዚያ ሁሉ እንጀራ ለአንድ ልጅ የሚሰጥ ደኅና ቁራሽ ስላልተገኘ «እግዜር ይስጥህ» ብለን ሰደድነው። ይህ ቃል ከአፋችን ሲወጣ እፍረት ተሰማን። ያ ልጅ እሑድ ዕለት መጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም እኛ ሰኞ ዕለት ፈልገነው ቢሆን ኖሮ፣ ትርፉን ወስዶ በፀሐይ አድርቆ ኮቾሮ ያደርገውና ትምህርቱን እያጠና ለብዙ ቀን ይመገበው ነበር። ቁራሽ አለማባከንን ከቆሎ ተማሪ ይልቅ የሚያውቅ ማን አለ?

ደግሞስ እንጀራ ከመሶብ እስኪገባ ስንት ድካም እንዳለበት የሚያውቁት እመቤቶች ናቸው። ጤፉ ይነፋል፣ ይፈጫል፤ ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል፤ አብሲት ይጣልበታል፤ ከዚያም በጪስ ዐይናቸው እየነደደ ይጋግሩታል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር እንደ ሆነም ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል የሚስብ ነው። የሻገተው እንጀራ ሲጣል ይህ ሁሉ አብሮት ይጣላል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ በ2022 በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን 50 ሚሊዮን ቶን ያህል ምግብ ባክኗል። ከዚህም ውስጥ ከመቶ 60 ያህሉ የባከነው በሆቴል ወይም በገበያ ሳይሆን በየቤተሰቡ ነው። ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ብዙ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ትራፊው እንዲሰበሰብ ማዘዙንና 12 መሶብ መሙላቱን ሁላችን እንሰማለን። እንጀራን ማብዛት የሚቻለው እርሱ ፍርፋሪውን አልናቀም።

አሁን ደግሞ ወደ መብሉ እንመለስ። 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ፣ ከወተትና ከዕንቁላል የተለየ ሆድ በአንድ ሌሊት ዶሮውን፣ በጉንና ቅርጫውን እንዲሸከም ይደረጋል። እናቶቻችን ግን ጥበብ ነበራቸው። አስቀድሞ ተልባ አጠጥተው ሆዱን ያለሰልሱታል። ዶሮውም በ12 ብልት የሚገነጠለው ለየሰዉ ድርሻ እንዲኖረው ነው፤ አንድ ብልትና አንድ ዕንቁላል የደረሰው ሰው በዓሉን ዋለ ይባል ነበር። ቅርጫም ቢሆን በመጠን ለመብላት የተመቸ ብልሃት ነው፤ ጎረቤቶች አንድ በሬ ገዝተው መደብ መደቡን ይካፈላሉ። ችግሩ ቅርጫ የገባው ቤት በግም ዶሮም ካልጨመረ በዓል የዋለ አለመምሰሉ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «በሞቴ» ነው። እንግዳው በቃኝ ሲል «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ» እያልን እናጎርሰዋለን። ከልብ የመነጨ ፍቅር እንደ ሆነ አይካድም፤ እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ነገር ግን እንግዳው የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት፣ ሕመሙንም በሰው ፊት መናገር የሚያፍር ሊሆን ይችላል። በባለቤቷ ሞት የተለመነ እንግዳ ምን ይመልሳል? የጥጋብ ስሜት ከሆድ ተነሥቶ እስኪታወቅ 20 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጭልፋ ከመጨመር በፊት ጥቂት መጫወት ለእንግዳውም ለወጡም ይበጃል። በጾም ቀንም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የቀረውን የቁርስና የምሳ ዕዳ በአንድ ማዕድ የሚከፍል ሰው አለ። ከጾሙ የተረፈው ለድኻ እንዲሆን አባቶች ማስተማራቸውን እያወቅን የሚተርፍ ነገር አናስቀርም።

ለእመቤቶች ጥቂት ነገር እንጨምር። እንጀራ ሳይበርድ ከመሶብ ቢገባ እንፋሎቱ ቶሎ ያሻግተዋል። የማያልቅ መስሎ ከታየ በሁለተኛው ቀን ቆራርሶ በሰፌድ ላይ በፀሐይ ማስጣት ነው፤ ደኅና የደረቀ ድርቆሽ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ትርፍ ሥጋ ተዘልዝሎ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ቋንጣ ይሆናል። ወጡን ሁሉ ደጋግሞ ከማሞቅ የሚበላውን ብቻ ቀንሶ ማሞቅ ይሻላል። አንዴ የሻገተውን ግን ቦታውን ቆርጦ መብላትም ሆነ ለከብት መስጠት አይገባም፤ ሻጋታው በዐይን ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ መርዝም ሊኖረው ይችላል። ለችግረኛ የሚሰጥ ካለ ገና ትኩስ ሳለ ይሰጥ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በእኛ ቤት ለትንሣኤ የሚጋገረው አንድ መሶብ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀረው ይቆጠራል፤ ለቤቱ የሚበቃው ተለይቶ፣ ከሌላው ግማሹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሄዳል፤ ግማሹ በሰፌድ ይሰጣል። ያ ተማሪ ግን ከዚያ ጧት በኋላ በደጃችን አልታየም።