ሕያው ሕዋስና የደብረ ብርሃን አየር

ሕያው ሕዋስን በማይክሮስኮፕ መመልከት ቀለም ተነክሮ የደረቀ ናሙናን ከመመልከት የሚለየው፣ ሕዋሱ እየታየ በሕይወት መቆየት ስላለበት ነው። በመሆኑም ሙቀት፣ እርጥበትና የአሲድነት ሚዛን ከሌንሱ ጥራት ባላነሰ ይታሰብባቸዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ደግሞ ብርዱም ሆነ የሳሳው አየር በመሣሪያው ምርጫ ላይ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ለአካባቢው ቅርብ የሆነው ምሳሌ የበግ እርባታ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በሚሠራበት የመንዝ በግ ዝርያ ማሻሻያም ሆነ በሌላ ዝርያ፣ ለሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚውል አባላዘር በስላይድ ላይ ጠብ ተደርጎ በስስ መሸፈኛ መስታወት ከተከደነ በኋላ፣ የዘር ሕዋሶቹ እንቅስቃሴ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይገመገማል። ስላይዱ የጠዋቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ከተወሰደ ሕዋሶቹ ስለሚፈዝዙ ጤነኛው አውራ ደካማ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለዚህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስቴጅ የሚባለውን የናሙና ማስቀመጫ የሚያሞቅ ሳህን ይበቃል፤ ስላይዱና መሸፈኛው ግን ቀድመው መሞቅ አለባቸው።

የሕዋስን መከፋፈል ለሰዓታት የሚከታተል ተመራማሪ የሚያስፈልገው ወለሉ ስስ መስታወት ሆኖ በላዩ ትናንሽ ክፍሎች ያሉት ዕቃ ነው። ከፍተኛ አጉሊ ሌንሶች በአብዛኛው የሚሠሩት ለ0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ስለሆነ የወለሉ ውፍረት ከዚህ ሲርቅ ምስሉ ይደበዝዛል። በዘይት አማካይነት ከመስታወቱ ጋር የሚገናኝ ሌንስ ሙቀቱን ከናሙናው ስለሚስብ፣ ስቴጁ ብቻ ሳይሆን ሌንሱም ማሞቂያ ያስፈልገዋል።

የአየሩ መሳሳት ሌላ ስሌት ያስከትላል። የብዙ ሕዋሶች ማሳደጊያ ፈሳሽ የአሲድነት ሚዛኑን የሚጠብቀው 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት አየር ውስጥ ቢሆንም፣ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ያንኑ የጋዝ ግፊት ለማግኘት መጠኑን ወደ 7 በመቶ ማሳደግ ያሻል። ውኃም በቶሎ ስለሚተን ክዳንና እርጥበት ያለው አየር የግድ ናቸው።

ስለዚህ ለአባላዘር ግምገማ ውድ መሣሪያ መግዛት ብክነት ሲሆን፣ ለረጅም ክትትል ደግሞ ጋዝና እርጥበት የማይቆጣጠር ማሞቂያ ገንዘብ ማባከን ነው። የትኛውም ቢገዛ በማሳያው ላይ የሚነበበው የማሞቂያው እንጂ የሕዋሱ ሙቀት ስላልሆነ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፈሳሹ ሙቀት በቀጭን ቴርሞሜትር መለካት ይኖርበታል።