የባሮ ጀማሪ አስጋሪ ብሩን ምን ላይ ያውል?

ክረምቱ አልፎ ባሮ ሲጎድል ዓሣ ለማስገር የሚነሳ የጋምቤላ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣራው የመረብ ዋጋ ነው። የመረብ ክር ከውጭ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ክር፣ መንጠቆና ገመድ ከዚህ ማምለጥ አይችሉም። ጥቂት ብር ቋጥሮ የሚጀምር ሰው ዛሬ ዕቃ ሲመርጥ ቢሳሳት ከበፊቱ የበለጠ ይከፍላል።

ከገበያው መረብ አንዱ እንደ ፕላስቲክ የሚያንጸባርቅ ባለ ነጠላ ክር ነው። ሌላው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ነጠላ ክሩ ይረክሳል፤ ውኃ ውስጥ ስለማይታይም ዓሣ ቶሎ ይይዛል። ነገር ግን ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሲቀደድም መጠገኑ አድካሚ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ይጣላል። የተገመደውን ቀን አስግሮ ማታ በእጅ እየጠገኑ ለዓመታት መጠቀም ይቻላል። ለስሌት ያህል፣ ነጠላ ክሩ በ3,000 ብር ተገዝቶ አንድ በጋ፣ የተገመደው በ6,000 ብር ተገዝቶ ሦስት በጋ አገለገለ እንበል። ርካሹ በዓመት 3,000 ብር ሲያስወጣ ውዱ 2,000 ብር ብቻ ያስወጣል። በዚህ ላይ አዞ ወይም ጎርፍ ያመጣው ግንድ መረቡን ሲቦጭቀው የሚባክነውን የሥራ ቀን መጨመር ያስፈልጋል።

ይህን ስሌት ጀማሪው ራሱ ያውቀዋል። ችግሩ 6,000 ብሩ ኪሱ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ርካሹን የሚገዛው ቸኩሎ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ያለ ስለማይመስለው ነው። እኔ ግን አለ እላለሁ፤ የመጀመሪያውን በጋ በመንጠቆ መጀመር።

ብዙ መንጠቆዎች በአጫጭር ክሮች የተንጠለጠሉበት አንድ ረጅም ገመድ ማታ ተዘርግቶ ጧት ይነሳል። አምባዛም ሆነ ናይል ፐርች ትንንሽ ዓሣ ለማጥመጃ ከቀረበለት ይያዛል። መንጠቆ ቢጠፋ አንድ መንጠቆ ይተካል፤ መረብ ቢጠፋ ግን ሙሉ ካፒታል ይሄዳል። የወንዙ ጠባይም ለመንጠቆ ያደላል። መረብ ኃይለኛ ፍሰት ላይ ይጠቀለላል፤ የሚሠራው ውኃው በሚረጋበት ጥግና ጎርፍ ትቶት በሄደው ኩሬ ነው። የትኛው ጥግ መቼ ዓሣ እንደሚሰበስብ ለማወቅ ደግሞ ወንዙን አንድ ወቅት ማጥናት ይጠይቃል። ያንን ትምህርት በመንጠቆ ዋጋ መማር በመረብ ዋጋ ከመማር ይሻላል። 

ታንኳም እንዲሁ ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ታንኳ ብዙ ጉልበትና ትልቅ ዛፍ ይበላል። ሁለት ሦስት ጀማሪዎች አንዱን በጋራ ቢይዙ ወይም ለባለ ታንኳው ከሚያዘው ዓሣ ድርሻ ቢሰጡ ካፒታላቸው እንጨት ላይ አይታሰርም። አዞና ጉማሬ ባለበት ወንዝ ብቻን አለመውጣቱም ራሱን የቻለ ጥቅም ነው።

መረብ የሚገዛበት ጊዜ ሲደርስ የተገመደውን፣ ያውም ተሰፍቶ ያላለቀውን ጨርቅ ብቻ መግዛት ያዋጣል። ገመዱን በራስ እጅ ማስገባት፣ ለማንሳፈፊያ ያረጀ ነጠላ ጫማ ወይም የውኃ ፕላስቲክ መቁረጥ፣ ለማስጠሚያ ድንጋይ ማሰር ይቻላል። ቀዳዳው ግን ሰፊ ይሁን። ጠባቡ ገና እንቁላል ያልጣለውን ዓሣ ጭምር ስለሚያወጣ የመጪው ዓመት ገቢ ዛሬ በርካሽ ይሸጣል። የጣና ሐይቅ ነገር ለዚህ ማስጠንቀቂያ ነው። በሞተር ጀልባና በመረብ የሚሠራው ንግድ በእ.ኤ.አ. 1986 ከተጀመረ በኋላ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉት የሐይቁ ትልልቅ ዓሦች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሱ። ለመራባት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ጠበቃቸው። የአገሪቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 በሥራ ላይ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ጀማሪ ሱቅ ሲገባ አብሮት የሚገባ ተቆጣጣሪ የለም።

ስለ ዕቃ ሲወራ የሚዘነጋው ከወንዙ በኋላ ያለው መንገድ ነው። በእ.ኤ.አ. 1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተደረገው ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከፈቀደ በኋላ፣ የእንፋሎት መርከቦች የኢትዮጵያን ቡና ወደ ካርቱም ያጓጉዙ ነበር። መርከቡ የሚሠራው ወንዙ ሲሞላ ነበር፤ አስጋሪው የሚሠራው ሲጎድል ነው። የሚጎድልበት ወቅት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የዓሣ ፈላጊ ከሚበዛበት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኝ ምርት ጥቂት ነው። ነገር ግን በጋምቤላ ሙቀት የተያዘ ዓሣ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ያለ በረዶ አይጓዝም። ስለዚህ ከመንጠቆው ቀጥሎ የሚመጣው ብር ለሁለተኛ መረብ ከመዋል ይልቅ ጨው፣ ማድረቂያ ቆጥና፣ በማኅበር ከሆነም የበረዶ ሳጥን ላይ ቢውል እመርጣለሁ። ተጨማሪ መረብ የሚጨምረው ዓሣ ማታውኑ በወረደ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ትርፉ ለገዢው ነው።

ለተደራጁ ወጣቶች መረብ የሚያድሉ ቢሮዎችና ድርጅቶችም ይህን ስሌት ቢሠሩ መልካም ነው። ብዙ ሰው ለማዳረስ ርካሹን መግዛት በሪፖርት ላይ ያምራል፤ በቀጣዩ በጋ ግን ያው ወጣት ያለ መረብ ይገኛል። የግዢ ሰነዱ ላይ የክሩ ዓይነትና የቀዳዳው ስፋት ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ማኅበርም ከመረቡ ጋር ጨውና አንድ የበረዶ ሳጥን ይካተት።