ተረትና እውነታ፦ ለሦስት ሰው የተሰጠ ታስክ የማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓመታዊ ጉባኤ ከሚያዘጋጅ ቡድን ጋር እሠራ ነበር። ሥራችንን በሙሉ ትሬሎ በተባለ የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ላይ፣ እያንዳንዱን ሥራ (ታስክ) በአንድ ካርድ፣ አስገብተናል። ከካርዶቹ አንዱ «ባነር» ይላል፤ የሦስታችን ስም ተለጥፎበታል። ጉባኤው በሚከፈትበት ጠዋት አዳራሽ ስንደርስ መድረኩ ባዶ ነበር። አንደኛው ዲዛይኑን ከላከ ሰንብቷል፣ ድርሻዬን ጨርሻለሁ ብሏል። ሁለተኛዋ ማተሚያ ቤት የምሄደው እኔ መስሏት ነበር። እኔም ሁለት ጎበዞች ካርዱ ላይ ስላየሁ እምነቴን ጥዬባቸው ነበር። ከሦስታችን የሰነፈ አልነበረም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ስለ ሥራ መከታተያ ፕሮግራሞች እንደ እውነት የሚወሩትን ነገሮች መጠርጠር ጀመርኩ።

«ሥራው ለብዙ ሰው ከተሰጠ ቶሎ ያልቃል»

ይህን እምነት የሚደግፍ የሚመስል ተረት አለን፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ነገር ግን ተረቱን ልብ ብለን እንስማው። ሃምሳው ሰው አንድ ከረጢት እየተሻማ አልተሸከመም። ለእያንዳንዱ አንድ ሎሚ ደርሶታል፤ ሎሚ ቢወድቅ ከማን እጅ እንደወደቀ ይታወቃል። እኛ ባነሩ ላይ ያደረግነው ግን ሦስት ሰው አንዱን ከረጢት እንዲይዝ ነው።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ በድምፅ ማስተላለፊያ የሚያዋራቸው ሰው ድንገት ሲታመም ይሰማሉ። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ካሉት ውስጥ 85 በመቶው የታማሚው ድምፅ ከመቋረጡ በፊት ለእርዳታ ተነሱ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካመኑት ግን የተነሱት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። የሰው ሕመምና የባነር ሥራ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም «ሌላው ያየዋል» የሚለው ሐሳብ ሰው ሲበዛ ኃላፊነትን እንዴት እንደሚያሳሳ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሳና፣ ደስቲን ሞስኮቪትዝ እና ጀስቲን ሮዘንስታይን በ2008 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ኩባንያ ፕሮግራም፣ አንድ ታስክ ላይ ከአንድ ባለቤት በላይ አይቀበልም። ሌሎች ሊከታተሉት ይችላሉ፣ ተጠያቂው ግን አንድ ነው። ጂራ የተባለው ሌላ ፕሮግራምም የሥራው ተረካቢ በሚሞላበት ቦታ አንድ ስም ነው የሚይዘው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ከፕሮግራሞቹ መልካም ነገሮች አንዱ ይህ ነው እላለሁ። ትሬሎ ካርዱ ላይ የፈለጉትን ያህል ሰው እንዲጨምሩ ስለሚፈቅድ ደንቡን ማውጣት ያለበት ቡድኑ ራሱ ነው። ሥራው በእርግጥ የሦስት ሰው ከሆነ ሦስት ካርድ ይሁን፦ ዲዛይን፣ ኅትመት፣ መስቀል።

«ርዕሱ ይበቃል፣ ሁላችንም እናውቀዋለን»

«ባነር» ስም ነው፤ ግሥ የለውም። ምን ይደረግ? «ባነሩን አሳትሞ ከጉባኤው ዋዜማ በፊት መድረኩ ላይ መስቀል» ቢል ኖሮ ዲዛይኑን የላከው ወንድማችን ጨርሻለሁ አይልም ነበር። ከርዕሱ ሥር ስፋቱ፣ ጽሑፉን የሚያጸድቀው ሰውና ሥራው አለቀ የሚባልበት ምልክት ቢጻፍ በቂ ነው።

«ማብቂያ ቀን ከተሞላ በቀኑ ያልቃል»

ቀኑን የሚሞላው ተስፈኛ ሰው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮጀር ቡህለር እና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ 33.9 ቀን አሉ። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 48.6 አሉ። የፈጀባቸው 55.5 ቀን ነው። ከክፉው ግምታቸው በላይ ማለት ነው! መድኃኒቱ ወደፊት አሻግሮ ማየት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም መመልከት ነው። ያለፈው ዓመት ካርድ ካልተሰረዘ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደተዘጋ ስለሚናገር፣ የዘንድሮውን ቀን ከዚያ ተነስቶ መቁረጥ ይሻላል።

የእኛ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረባል፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር። ፕሮግራሙ ጁላይ 8 ሲል የበጀት ዓመታችን የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ነው። ጁላይን ሐምሌ ብሎ መተርጎም የለመደ ባልደረባ ግን ሐምሌ 8 ብሎ ያነበዋል፤ ሳምንት ሙሉ ዘገየ ማለት ነው። በሰዓቱም እንዲሁ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት ከ3 ቁጥር አጠገብ የጠዋቱን ምልክት (AM) የመረጠ ሰው የሞላው ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ነው። በትክክል 9 ብሎ ቢሞላም ሥራው ዋሽንግተን ላለ ወገን ከተሰጠ፣ አዲስ አበባ በዋሽንግተን የበጋ ሰዓት አቆጣጠር 7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ የሰኞ ጠዋቱ ቀጠሮ እሱ ዘንድ ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይውላል። ስለዚህ እሑድ ማታ መጨረስ አለበት። እኔ በርዕሱ መጨረሻ ላይ የኢትዮጵያውን ቀንና ሰዓት በቃላት እጽፋለሁ፤ ትንሽ ልፋት ናት፣ ብዙ ስልክ ታስቀራለች።

«ብዙ ታስክ የተከፈተበት ቡድን ብዙ ይሠራል»

በእነዚህ ፕሮግራሞች ካርዶችን በዓምድ የመደርደሩ አሠራር ከጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ፣ ታይቺ ኦኖ ካንባን ብሎ ከዘረጋው የካርድ ሥርዓት የወረደ ነው። እዚያ ካርዱ የተፈለገው ሥራን ለመግታት ነው፤ ካርድ ሳይመጣ ምርት አይጀመርም። እኛ ካርዱን ወስደን ልጓሙን ተውነው። ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ቀመር ሒሳቡን ግልጽ ያደርገዋል፦ በሳምንት 6 ሥራ የሚጨርስ ቡድን 24 ቢከፍት አንዱ ሥራ በአማካይ 4 ሳምንት ይቆያል። በዚያው አቅም 12 ብቻ ቢከፍት 2 ሳምንት። ሰው አልተጨመረም፣ ማንም አላመሸም።

«ቴሌግራም ላይ ተነጋግረናል እኮ»

ተነጋግራችኋል፤ ግን ሰኞ የተወሰነው ሐሙስ ከመቶ መልእክት ሥር ተቀብሯል። ጨዋታው ቴሌግራም ላይ ይቀጥል፤ ውሳኔው ግን በአንድ መስመር ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ያንን የሚያደርገውም የካርዱ ባለቤት ይሁን።

«ያልተሠራ ታስክ መዝጋት ሽንፈት ነው»

በብዙ ቡድኖች የካርድ ሰሌዳ (ቦርድ) ላይ ስድስት ወር ማንም ያልነካቸው ካርዶች ተደርድረው ይታያሉ። አዲስ የገባ ሰው እነሱን እያነበበ የትኛው ሕያው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። አንድ ጊዜ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን ለየአንዳንዱ ባለቤት «ዛሬ አዲስ ቢሆን ትከፍተው ነበር?» እያልን ጠየቅን። አብዛኛው መልስ «አይ፣ እሱ እኮ ቀርቷል» ነበር። አርካይቭ አደረግናቸው፤ የሚፈልጋቸው ቢመጣ አሉ። የቀሩት ካርዶች በአንድ ስክሪን ላይ፣ ወደታች ሳይወረድ፣ ተነበቡ።