ምዕራፍ ስድስት፦ አሮጌ ሞተር ሳይክልን እንደ አቅም ማደስ

አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ ፈታትቶ በራስ ምርጫ መልሶ መሥራት ዛሬ የባለጸጎች ጨዋታ ይመስላል። አጀማመሩ ግን ከሠርቶ አደር ወጣቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የለንደን ወጣቶች ደመወዝ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ለመግዛት አይበቃም ነበር። ስለዚህ በእጃቸው ያለውን ይዘው ከባዱን ፓራፋንጎ አወለቁ፤ መሪውን ዝቅ፣ መቀመጫውን አጠር አደረጉ። ከዚያም በኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ዳር ባለው ኤስ ካፌ እየተሰበሰቡ በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመንዳት ይፎካከሩ ነበር። አንዳንዶቹ የትራያምፍን ሞተር በኖርተን ቻሲስ ላይ ገጥመው ‹‹ትራይተን›› የተባለውን ድቅል ሠሩ። ዛሬ ካፌ ሬሰር የምንለው መልክ የመጣው ከዚህ ነው። ውበቱ የተገኘው በመቀነስ ነው፤ ለመቀነስ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም።

በእኔ እምነት በቤት የሚጀመሩ እድሳቶች መንገድ ላይ የሚቀሩት ገንዘብ በማነሱ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ያለ ቅደም ተከተል ስለሚወጣም ነው። ቀለምና መቀመጫ ይቀድማሉ፤ ተራው የፍሬንና የሽቦ ሲሆን ኪስ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ያለዎትን ገንዘብ ሦስት ቦታ ይክፈሉት። አንዱ እጅ ለግዢው፣ ሁለተኛው ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለኩሽኔታ፣ ለሰንሰለትና ለኤሌክትሪክ ይሁን። ሦስተኛው ላልታሰበ ወጪ ይቀመጥ፤ ቀለም የሚገዛው ከእሱ በሚተርፈው ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ሆንዳ ሲጂ 125ን ወይም የእሱን ዓይነት ሞተር ያለው ሞተር ሳይክል ነው። ሆንዳ ሲጂን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ዘይት በጊዜው በማይቀየርባቸውና ሰንሰለት በማይጸዳባቸው አገሮች እንዲሠራ አስቦ ነው። ካምሻፍቱ ሲሊንደሩ አናት ላይ አልተቀመጠም፤ ታች በሞተሩ ሆድ ውስጥ ሆኖ ቫልቮቹን በረጃጅም ዘንጎች ይገፋል። ሰንሰለቱም ከአቧራ እንዲጠበቅ ሙሉ በሙሉ በላሜራ ተሸፍኗል። በአፍሪካ መንገዶች ላይ የምናያቸው ብዙ የቻይና ሞተር ሳይክሎች የዚህን ሞተር አሠራር የተከተሉ ስለሆኑ መለዋወጫው ርካሽ ነው፤ ሠፈር ያለ መካኒክም ያውቀዋል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ሊብሬውን ይዘው የቻሲሱንና የሞተሩን ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

ሲፈቱ ፎቶ ያንሱ፤ ብሎኖቹንም በየክፍላቸው በተለያየ ቆርቆሮ ያስቀምጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአሮጌ የጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት ባለመስቀል ብሎኖች እንደ ተራው ባለመስቀል ብሎን ቢመስሉም ቅርጻቸው ትንሽ ይለያል፤ በብዙዎቹ ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ ይታያል። ተራው ካቻቪቴ ጥልቀታቸውን አይሞላም። ሲጫኑት ወደ ላይ እየተንሸራተተ መስቀሉን ፍቆ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ መሰርሰር ይመጣል። በጃፓን መለኪያ የተሠራ አንድ ካቻቪቴ መግዛት በኋላ ብዙ ሰዓትና ብዙ ብሎን ያድናል።

ሞተሩ ከተነሣና ካላጨሰ አይክፈቱት። ዘይቱን ይቀይሩ፣ ካንዴላውን ይፈትሹ፣ የቫልቮቹን ክፍተት ያስተካክሉ። በሲጂ 125 ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቡሬተሩን ግን ፈትተው ያጽዱ፤ ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ተጣብቆ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ርካሹን ሥራ ውድ የሚያደርገው አንድ ፈተና ያለው እዚሁ ካርቡሬተር ላይ ነው። ከመቀመጫው ሥር ያለው የአየር ማጣሪያ ሳጥን ለዓይን አያምርም። ስለዚህ ብዙዎች አውጥተው ይጥሉትና በካርቡሬተሩ አፍ ላይ ትንሽ ክብ ማጣሪያ ይሰኩበታል። በእርግጥ መልኩ ያምራል። ነገር ግን ፋብሪካው የቤንዚኑን ቀዳዳ የለካው ያ ሳጥን በሚያስገባው አየር ልክ ነው። አየሩ ሲጨምርና ቤንዚኑ ባለበት ሲቀር ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይንተፋተፋል፤ ማርሚታው ይተኩሳል። ከዚያ ትልቅ ጄት (የቤንዚኑ ቀዳዳ ያለበትን ቁራጭ) መግዛት፣ መርፌውን ከፍ ማድረግ፣ እንደገና መሞከር ይመጣል። በጥሩ ፍጥነት ነድተው ሞተሩን በድንገት ያጥፉና ካንዴላውን ፈትተው ይዩ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ በጥቀርሻ ከጠቆረ በዝቶበታል፤ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ግን ሳጥኑን አይንኩት፤ የጎን ሽፋኖቹ ይደብቁታል።

የቤንዚን ሰልባትዮው ከውስጥ ከዛገ አቼቶ ሞልተው ያሳድሩት። በማግሥቱ ዝገቱን አራግፈው ያውጡ፤ በውኃና በቤኪንግ ሶዳ አለቅልቀው ወዲያው ያድርቁት። የተቀደደ ከሆነ ግን እንዲሁ ለብየዳ አይስጡ። ቤንዚኑ ቢፈስም ትነቱ ውስጥ ይቀራል፤ የሚፈነዳውም ያ ትነት ነው።

ፍሬን ላይ አይቆጥቡ። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ጎማው ጥርሱ ገና ስላላለቀ ብቻ አይመኑት። በጎኑ ላይ ያለውን የምርት መለያ የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2314 ከሆነ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ደግሞ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ አውልቀው ይጣሉት፤ ካላማዳሪውንም አብረው ይቀይሩ።

ኤሌክትሪኩን ከመንካትዎ በፊት 6 ቮልት ይሁን 12 ያረጋግጡ፤ በአሮጌዎቹ 6 ቮልት የተለመደ ነው። የፋብሪካውን ሽቦ በሙሉ ቆርጦ ከመጣል ይልቅ የተላጠውን ብቻ በተመሳሳይ ውፍረትና ቀለም መተካት ይረክሳል፤ ስሕተትም ይቀንሳል። ፍሬቻዎቹን በኤልኢዲ ከቀየሩና በፍጥነት የሚብለጨለጩ ከሆነ አምፖሉ አልተበላሸም፤ ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር ይፈልጋል።

የቻሲሱን ጅራት ለማሳጠር ብየዳ ካስፈለገ ባትሪውንና ሲዲአይውን (የካንዴላውን ብልጭታ የሚቆጣጠረውን ሳጥን) አላቅቀው ልምድ ላለው በያጅ ይስጡ። የኋላው ሞላ የሚታሰርበትን ቦታ ግን ማንም እንዳይቆርጠው። ለመልክ ብሎ ረዘም ያለ ሞላ መግጠምም የፊቱን ሹካ ቀና ያደርገዋል፤ መሪው ይቀላል፣ በፍጥነት ሲነዳ ግን ይዋልላል። ለቀለሙ ብዙ አልልም፦ በብርጭቆ ወረቀት ትዕግሥት ይኑርዎት፣ በስስ በስሱ ይቀቡ፣ በየመሃሉ ይድረቅ።

የመጀመሪያው ጉዞ በሠፈር ውስጥ ይሁን፤ ሄልሜት ያድርጉ። ሲመለሱ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ብሎኖቹን በሙሉ እንደገና ይፈትሹ፣ የሰንሰለቱን ውጥረት ይዩ። የቸርኬውን ራጂዎች ደግሞ በካቻቪቴ አንድ በአንድ መታ መታ ያድርጓቸው፤ የጠበቀው ጥርት ብሎ ሲጮኽ የላላው ድምፁ ይታፈናል። የላሉትን በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ እያጠበቁ ቸርኬው ቀጥ ብሎ መዞሩን ይመልከቱ።