እውነት ወይስ ተረት? ፔፕታይድ የማስት ሴልን ሕመም ያበርዳል?

«ፔፕታይድ ጀምሪ፣ እህቴ፤ ያ ሁሉ ሽፍታ፣ ያ ሁሉ የሆድ ሕመም ይተውሻል።» እንዲህ ያለው ምክር ከአሜሪካ የግል ክሊኒኮች ተነሥቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ በኩል እኛም ዘንድ ደርሷል። ምክሩን የሚሰሙት ሰዎች የዋዛ ችግር ያለባቸው አይደሉም። ዓመታት የተንገላቱ፣ ከሐኪም ሐኪም የዞሩ፣ ምርመራ ባደረጉ ቁጥር «ምንም የለብሽም» ተብለው የተመለሱ ናቸው። ገንዘባቸውንም ጤናቸውንም በወሬ እንዳያጡ ስለምፈልግ የሚባለውን ከሚታወቀው ጋር አንድ በአንድ ላስተያየው።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ። ማስት ሴል በቆዳ፣ በአንጀት፣ በሳንባና በደም ሥሮች ዙሪያ የሚኖር የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ገና ወጣት ሳለ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው የገለጸው። ሕዋሱ ሂስታሚን፣ ትሪፕቴዝና ሄፓሪን በተቋጠሩባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ነው። የአንጀት ትላትል ሲገባ ወይም ንብ ስትነድፍ እነዚህን ዘርግፎ ሰውነትን ለመከላከል ያነሣሣል። ይህ የሚጠቅመን ሥራው ነው። ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ ሲዘረግፍ ግን ፊት ይቀላል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ልብ በኃይል ይመታል፤ የደም ግፊት ወርዶ ራስን እስከ መሳት ይደረሳል። የማስት ሴል መነቃቃት ሕመም የሚባለው ይህ ሲሆን ታማሚዎች በአጭሩ «ኤምካስ» ይሉታል።

«ኤምካስ የሚባል በሽታ የለም፤ ጭንቀት ነው»

ተረት ነው፤ ብዙ ሰው የጎዳ ተረት። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማስት ሴል ሐኪሞች ሕመሙ የሚለይባቸውን መስፈርቶች አውጥተዋል። መስፈርቶቹ ሦስት ናቸው፦ ምልክቱ እየመጣ የሚሄድና በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሁለት የሰውነት ክፍሎችን የሚያጠቃ መሆኑ፣ በሕመሙ ሰዓት ከማስት ሴል የወጣ ንጥረ ነገር በምርመራ መታየቱ፣ እንዲሁም የማስት ሴልን ሥራ የሚገታ መድኃኒት ሲወሰድ መሻሉ።

ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል ትንሽ ልቆይበት። ዋናው ምርመራ በደም ውስጥ ያለውን ትሪፕቴዝ መለካት ነው። አንድ ጊዜ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት ብዙም አይረዳም፤ ሁለት ደም ያስፈልጋል። አንዱ ሕመሙ በተነሣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሌላው ደህና በሆኑበት ቀን ይቀዳል። በሕመሙ ሰዓት የተገኘው ቁጥር ከደህናው ቀን ቁጥር በ20 በመቶና በተጨማሪ 2 ናኖግራም ሲበልጥ ማስት ሴሎቹ እንደፈነዱ ይቆጠራል። በደህናው ቀን 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ያላት ሴት በሕመሟ ሰዓት 8 ከደረሰች ማስረጃው ተገኘ ማለት ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች እስከ 11.4 ያለውን «ጤነኛ» ብለው ስለሚያልፉ፣ ያች ሴት በአንድ ምርመራ ብቻ ብትታይ 8 ቁጥሯ ተነቦ ወደ ቤቷ ትሸኝ ነበር። ትሪፕቴዙ ካልያዘው ደግሞ የ24 ሰዓት ሽንት ተጠራቅሞ የሂስታሚን ቅሪት ይፈለግበታል።

ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሙን አውቆ መጠየቅ ለውጥ ያመጣል።

«ሽፍታና የሆድ መነፋት ያለበት ሁሉ ኤምካስ ነው»

ይህም ተረት ነው። ሥር የሰደደ ሽፍታ፣ አስም፣ የምግብ አለርጂ፣ የታይሮይድ መዛባት ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ። በእኛ አገር ደግሞ የአንጀት ትላትል መጀመሪያ መታየት አለበት፤ የሰገራ ምርመራው ርካሽ ነው፣ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ይሠራል። ሲስተሚክ ማስቶሳይቶሲስ የሚባለውና ማስት ሴሎች ከልክ በላይ የሚራቡበት በሽታም አለ፤ በአብዛኛው ኪት በሚባለው ዘረመል ላይ በሚከሰት ለውጥ የሚመጣ ሲሆን የራሱ መድኃኒት አለው።

«ፔፕታይድ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ስለሆነ አይጎዳም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ አባባል ነው። ሂስታሚንንም የሚሠራው ሰውነታችን ነው፤ ኤምካስ ያለበትን ሰው የሚያሠቃየውም እሱ ነው።

ፔፕታይድ ማለት አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ኢንሱሊን ፔፕታይድ ነው፤ ለስኳርና ለክብደት የሚሰጠው ሴማግሉታይድም እንዲሁ። አንዳንዱ ሕይወት ያድናል፤ የእባብና የንብ መርዝ ውስጥም ፔፕታይድ አለ። ስለዚህ «ፔፕታይድ ነው» ብቻ ብሎ ስለ ጉዳትም ሆነ ስለ ጥቅም መናገር አይቻልም። የትኛው፣ በምን መጠን፣ ለማን የሚለው ነው ወሳኙ።

ለማስት ሴል ታማሚ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ የከበደ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በማስት ሴል ላይ ኤምአርጂፒአርኤክስ 2 የሚባል ተቀባይ ያለውን ሥራ አሳዩ። ይህ ተቀባይ የተለመደውን የአለርጂ መንገድ ሳይጠብቅ ሕዋሱን በቀጥታ ያፈነዳዋል። ተቀባዩን የሚነኩት ደግሞ በብዛት ፔፕታይዶች ናቸው። ኢካቲባንት የሚባለው ፔፕታይድ በሕግ የጸደቀ፣ በዘር ለሚተላለፍ የሰውነት እብጠት የሚሰጥ ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም ከሚወጉት ሰዎች የአብዛኞቹ መርፌው ያረፈበት ቦታ ይቀላል፣ ያብጣል። ጥናቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ተቀባይ መሆኑን አመልክቷል። ፔፕታይድ ያልሆነው ሲፕሮፍሎክሳሲንም በዚሁ በር ይገባል። በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒት ስለሆነ የማስት ሴል ሕመም ያለበት ሰው ይህን ልብ ቢለው መልካም ነው።

አሁን ወደሚሸጡት እንምጣ። ኤልኤል 37 የሚባለው ባለ 37 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ «በሽታ የመከላከል አቅምን ያስተካክላል» እየተባለ ይሸጣል። ይኸው ፔፕታይድ የሰውን ማስት ሴል በዚያው ተቀባይ በኩል እንደሚያፈነዳ በላብራቶሪ ታይቷል። በአፍንጫ የሚረጨው ቪአይፒም ማስት ሴልን ከሚቀሰቅሱት ፔፕታይዶች ወገን ነው። ማስት ሴሎቿ ያለ ምክንያት የሚፈነዱባት ሴት እነዚህን ስትገዛ፣ የሚያባብስባትን ነገር በገንዘቧ ወደ ሰውነቷ እያስገባች ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህን አይነግራትም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

«ቢፒሲ 157 እና ኬፒቪ ማስት ሴልን እንደሚያረጋጉ ተረጋግጧል»

አልተረጋገጠም። ቢፒሲ 157 ባለ 15 አሚኖ አሲድ ሲሆን አብዛኛው ጥናቱ የመጣው ከክሮኤሺያዋ ዛግሬብ ከአንድ የተመራማሪዎች ቡድን፣ ያውም በአይጥ ላይ ተሠርቶ ነው። በሰው ላይ የተሞከረው በጣም ጥቂት በሆኑ ሰዎች፣ ለጉልበትና ለፊኛ ሕመም ነው። ኬፒቪ ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ሲሆን በአይጥ የአንጀት ቁስለት ላይ ተስፋ ሰጪ ነገር አሳይቷል። በአይጥ ላይ የታየ ተስፋ ዋጋ አለው፤ ጥናት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ግን ለኤምካስ በሰው ላይ፣ ከማስመሰያ መድኃኒት ጋር ተነጻጽሮ ጥቅሙ የተረጋገጠ አንድም ፔፕታይድ የለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ቢፒሲ 157፣ ኬፒቪና ኤልኤል 37ን ፋርማሲዎች ቀምመው ቢሸጧቸው የደኅንነት ሥጋት አላቸው ካላቸው ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። አንዱ ምክንያት የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ሊያስቆጡ ይችላሉ የሚል ነበር። ዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች ድርጅት ዋዳም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢፒሲ 157ን ከልክሏል፤ ስፖርተኞቻችን ይህን ይወቁ። ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ ታይሞሲን አልፋ 1 የሚባለው ፔፕታይድ በበርካታ አገሮች ለሄፓታይተስ ቢ ጸድቋል። ይህ ለጉበት ቫይረስ የተሰጠ ፈቃድ ለኤምካስ ማስረጃ አይሆንም።

«እኔ ግን ተሽሎኛል» የሚሉ አሉ፤ ውሸት እንደሚናገሩ አድርጎ ማየት ነውር ነው። ነገር ግን ኤምካስ የሚነሣና የሚበርድ ሕመም ነው። ሰው አዲስ ነገር የሚሞክረው ደግሞ ሲብስበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ምንም መድኃኒትም መብረዱ የማይቀር ነው። በዚያው ሳምንት ምግቡን ያስተካከለ፣ ሴትሪዚን የጀመረ፣ እንቅልፍ ያገኘም ብዙ ነው። የትኛው እንዳዳነው በአንድ ሰው ታሪክ መለየት ስለማይቻል ነው በማስመሰያ መድኃኒት ማነጻጸር ያስፈለገው።

«ብልቃጡ 99 በመቶ ንጹሕ ይላል»

ብልቃጡን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የአውራ ጣት ያህል መስታወት ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ላይ ነጭ ዱቄት ደርቆ ተጣብቋል፣ አናቱ በጎማና በአሉሚኒየም ታሽጓል። በብዙዎቹ ላይ በደቂቅ ፊደል «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አይውልም» የሚል ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ ሻጩን ከተጠያቂነት ያድነዋል። ገዢዋ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ውኃ ጨምራ፣ በኢንሱሊን መርፌ ስባ፣ ሆዷን ትወጋለች። በቀሪው 1 በመቶ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በትክክል ያልተገጣጠመ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል፤ የባክቴሪያ ቅሪትም ሊኖር ይችላል። ለጤነኛ ሰው ትንሽ የሆነው ለማስት ሴል ታማሚ ትልቅ ነው።

ከራሱ ከኢንሱሊን ታሪክ መማር ይቻላል። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጋ ዝግጅቱ በደንብ አልተጣራም ነበርና የተወጋበት ቦታ አብጦ መግል ቋጠረ፤ ሕክምናው ቆመ። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ኬሚስት ቀን ከሌት ሠርቶ አጣራውና ከ12 ቀን በኋላ እንደገና ሲሰጠው የልጁ ስኳር ወረደ። ፔፕታይዱ ያው ነበር፤ ንጽሕናው ነው የተለየው።

«ሌላ ሕክምና ስለሌለ ፔፕታይድ ብቻ ነው የቀረው»

አለ፤ የመጀመሪያው ደግሞ ርካሽ ነው። ብዙም እንቅልፍ የማያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ማለትም ሴትሪዚንና ሎራታዲን፣ የሂስታሚንን አንድ በር ይዘጋሉ። ለጨጓራ የሚሰጠው ፋሞቲዲን ሌላውን በር ይዘጋል፤ ሁለቱ አብረው ይታዘዛሉ። ሐኪም መጠኑን ሊጨምር ይችላል፤ በራስ መጨመር ግን ልክ አይደለም። ለሆድ ምልክት የሚዋጥ ክሮሞሊን አለ። መነሻው በግብፅ ለዘመናት ለሕክምና ያገለገለ ኬላ የተባለ ተክል ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ራሱ አስም የነበረበት ሐኪም ሮጀር አልቱንያን ከዚያ የተሠሩትን ውሁዶች በገዛ ሳንባው ላይ እየሞከረ መድኃኒቱን አገኘ። የባህል መድኃኒት ወዳድ ለሆነው ሕዝባችን ይህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል፤ ከተክሉ የተነሣው ውሁድ ተፈትኖ ስላለፈ ነው መድኃኒት የሆነው። ሞንቴሉካስትም ይሰጣል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስለ ስሜት መለወጥና ራስን ስለ ማጥፋት ሐሳብ ከባድ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታልና ቤተሰብ ይከታተል። ለጸናበት ኦማሊዙማብ የሚባል መርፌ አለ፤ ዋጋው ግን ውድ ነው።

የሚቀሰቅሰውን ነገር ማወቅም ሕክምና ነው። ሙቀት፣ የንብ ንድፊያ፣ አልኮል፣ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ሞርፊንና ኮዴን በብዛት ይጠቀሳሉ፤ ከሰው ሰው ግን ይለያያል። «የቦካ ነገር ሁሉ ተውዪ» ተብላ እንጀራ ያቆመች ሴት ካለች፣ መጀመሪያ የበላችውንና የተሰማትን በደብተር ትመዝግብ። ባልተረጋገጠ ዝርዝር ምግብን ሁሉ መቁረጥ ራሱ ያከሳል።

ብልቃጡ ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ከሆነ፣ ሐኪማችሁ ሳያየው አትወጉት። ከወጋችሁና ጉሮሮ ከተዘጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ከዞረ፣ ሴትሪዚን ውጣችሁ አትጠብቁ፤ ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ወዳለበት ጤና ተቋም ወዲያው ሂዱ። እዚያ ስትደርሱም፣ ምርመራው የሚሠራበት ቦታ ከሆነ፣ 4 ሰዓት ሳያልፍ ለትሪፕቴዝ ደም እንዲቀዳላችሁ ጠይቁ።